ግድግዳው ክረምት ይለፍበት



ይህችን ጽሑፍ እንድጭር ያነሳሳኝ ባለፈው ወሰነ ትምህርት ክፍል ውስጥ የተሰማ አንድ ሳቅ ነው። ስለ ሕንፃ ማጠናቀቂያ ሥራዎች እየተማርን ሳለ መምህራችን «ከእናንተ መካከል ቀለም ቀቢ መሆን የሚፈልግ አለ?» ብለው ጠየቁ። አንዱ ጓደኛችን ከኋላ ወንበር «ቲቸር፣ ቀለም መቀባት ደግሞ ትምህርት ያስፈልገዋል እንዴ? ሮለር መያዝ አይደል!» አለ። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። የሚያሳፍረው የእኔ መሳቅ ነው። ከዚያ ሁሉ ተማሪ መካከል ቀለም ቀብቶ የሰው ገንዘብ ያበላሸ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩና። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያ ሳቅ ሲከነክነኝ ስለቆየ ዛሬ ልተንፍሰው።

ወደዚህ ትምህርት ክፍል ከመምጣቴ በፊት በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ በሕንፃ ማጠናቀቂያ ሠልጥኛለሁ። ሥልጠናው ጥሩ ጎን ነበረው። የቀለም ዓይነቶችን፣ የብሩሽና የሮለር አያያዝን፣ የስፋት ስሌትን ተምሬበታለሁ። ከዚያ ለትብብር ሥልጠና ወደ አንድ ሕንፃ ሥራ ተላክሁ። ሁለት ወር ሙሉ የሠራሁትን ብትጠይቁኝ ባልዲ ማጠብ፣ የቀለም ጋሎን ወደ አራተኛ ፎቅ ማውጣት፣ ወለል ላይ ላስቲክ ማንጠፍና ለፎርማኑ ሻይ ማምጣት ነው። ሮለር የያዝኩት በድምሩ ከሁለት ቀን አይበልጥም፤ እሱም ማንም የማያየው የደረጃ ሥር ላይ ነበር። በመጨረሻው ቀን ፎርማኑ የመገምገሚያ ቅጼን መኪና ኮፈን ላይ ዘርግቶ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» እያለ ሞላልኝ። «ጎበዝ፣ ሰነፍ አይደለህም» ብሎም መረቀኝ። ቅጹ ላይ «የግድግዳ እርጥበት መመርመር» የሚል መስመር ነበር። እሱም «በጣም ጥሩ» ተባለ። እርጥበት የሚመረመርበትን መንገድ ግን እኔም አላየሁ፣ እሱም አላሳየኝ።

ቀጥሎ የብቃት ምዘና መጣ። የተሰጠኝ ግድግዳ ቤት ውስጥ ያለ፣ ከእኔ በፊት ስንትና ስንት ተመዛኝ የቀባው፣ አጥንቱ ድረስ የደረቀ ግድግዳ ነበር። ምንም ቢቀቡት የሚቀበል ግድግዳ ነው። ቀባሁት፣ አማረ፣ አለፍኩ። ወረቀቴንም ያዝኩ።

የመጀመሪያ ሥራዬን ያገኘሁት ከሰፈራችን ሰው ነው። እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ልጆች ያሳደጉ እናት ናቸው፤ እማማ ነው የምንላቸው። የእቁብ ዕጣ ወጥቶላቸው ሁለት ክፍል ቤታቸውን በሲሚንቶ አስለስነው ነበር። ወረቀቴን ሳሳያቸው አገላብጠው አዩና «ልጄ፣ ለሰኔ ሚካኤል ይደርስልኛል?» አሉኝ። ዝክር አለባቸው። ልስኑ ገና ዐሥራ አንድ ቀኑ ነበር። «ይደርሳል እማማ፣ ምን ችግር አለው!» አልኩ። ጭሱና እንፋሎቱ ለማጽዳት እንዳያስቸግራቸው ብዬ ከወገብ በታች ኦይል ቀለም፣ ከላይ ፕላስቲክ ቀለም መታሁት። የሰኔ 12 ዕለት ቤቱ እንደ መስታወት አበራ። የመጣው እንግዳ ሁሉ «ማነው የቀባው?» እያለ ጠየቀ። እኔም ጥግ ላይ ተቀምጬ በጠላው ላይ ኩራት ጨምሬ ጠጣሁ።

ነሐሴ ላይ ኦይሉ እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ። መስከረም ላይ በጣት ሲነኩት እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ይላጥ ጀመር። ከሥሩ ነጭ ዱቄት የመሰለ ጨው ወጣ። ከላይ ያለውም ፕላስቲክ ቀለም ደመና ደመና ሠራ። እማማ አስጠሩኝና ግድግዳው ፊት አቆሙኝ። ይጮሁብኛል ብዬ ነበር፤ አልጮሁም። «ልጄ፣ አልቆጣህም። አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። ይኼ እንደሚሆን ታውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ኧረ በፍጹም! አላውቅም ነበር እማማ።»

«ታዲያ ወረቀቱን ማን ሰጠህ?»

ውድ አንባብያን፣ ለዚህ ጥያቄ ያን ቀን መልስ አልነበረኝም። እንግዲህ ይህ ጽሑፍ ዘግይቶ የመጣ መልስ መሆኑ ነው።

እማማ አንድ አዛውንት ቀለም ቀቢ አምጥተው ግድግዳውን አሳዩአቸው። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። ጋሼ መዳፋቸውን ልስኑ ላይ አሳርፈው ጥቂት ቆዩና «ይህን ግድግዳ ማነው ያፈነው?» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ጋሼ ግን አልሰደቡኝም። «ና፣ ንካው። ይኼ ገና ላቡ ያልወጣ ግድግዳ ነው። አንተ ደግሞ የዝናብ ልብስ አለበስከው» አሉኝ። በማግስቱ ረዳት አድርገው እንዲቀጥሩኝ ለመንኳቸው። ከእርሳቸው ጋር ሁለት ክረምት ሠራሁ።

ጋሼ «ላብ» ያሉትን ነገር በኬሚስትሪ ቋንቋ የተረዳሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው። አዲስ የሲሚንቶ ልስን ውስጡ ብዙ ውሃ አለ፤ ከዚህም በላይ ጠንካራ አልካላይን ነው። ኦይል ቀለም እርጥብና አልካላይን የሆነ ልስን ላይ ሲያርፍ ዘይቱ ከአልካሊው ጋር ተዋህዶ ወደ ሳሙናነት ይለወጣል፤ ያን ጊዜ የመያዝ ኃይሉን ያጣል። ውሃው ደግሞ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከሥሩ ይገፋዋል፤ ሲወጣም የሟሟውን ጨው ይዞ ይወጣል። ለዚህ ነው አዲስ ልስን በደህና አየር እንኳ ቢያንስ አራት ሳምንት ያህል ይቆይ የሚባለው። በክረምት ወይም ልስኑ ወፍራም ሲሆን ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። እኔ ዐሥራ አንድ ቀን ነው የሰጠሁት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሏል ይኼ ነው። የእኔ ግን የባሰ ነው፤ ያፈሰስኩት የሌላ ሰው ዱቄት ነበር።

ጋሼ የሚሠሩበት መንገድ ሲታይ ቀላል ነው። ስኮችና ላስቲክ ከኪሳቸው አይለይም። አንድ ክንድ የሚያህል ጥርት ያለ ላስቲክ ቆርጠው አራቱንም ጠርዝ ግድግዳው ላይ በስኮች ያሽጉታል። በማግስቱ ላስቲኩ ከውስጥ በኩል ጤዛ ከቋጠረ ወይም ከሥሩ ያለው ልስን ከጠቆረ ቀለም የለም፤ ወደ ቤት መመለስ ነው። ልስኑን በጣታቸው አንጓ እያንኳኩ ይሄዳሉ፤ ባዶ ድምፅ የሰጠውን በኖራ ምልክት ያደርጉበታል። አሮጌ ቀለም ላይ የሚቀቡ ከሆነ በምላጭ ጠባብ መስቀለኛ መስመሮች ይጭራሉ፤ ስኮች ለጥፈው ድንገት ይነቅሉታል። ከስኮቹ ጋር ቀለም ተነቅሎ ከመጣ አሮጌው ይፋቃል። ይህንኑ ሙከራ ኋላ አይ.ኤስ.ኦ 2409 በሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ ውስጥ ተጽፎ ሳገኘው በጣም ገረመኝ። ጋሼ ስለ አይ.ኤስ.ኦ ሰምተው አያውቁም።

ጄሶ ሲገባ በወፍራሙ አንድ ጊዜ መደፈን የለም፤ በስሱ እየደራረቡ፣ እያደረቁ ነው። ብርጭቆ ወረቀት ሲታሽ አምፖሉን ከፊት ሳይሆን ከጎን፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲበራ ያደርጉታል፤ ያን ጊዜ ትንሿ ጉብታ እንኳ ጥላ ትጥላለች። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ብርጭቆ ወረቀት ብቻ ነው ያሳሹኝ። «ይኼ ደግሞ ከባልዲ ማጠቡ በምን ይለያል?» ትሉ ይሆናል። ልዩነቱ እንዲህ ነው። ማታ ማታ የሠራሁትን በመዳፋቸው ይዳስሱና «እዚህ ጋ ና፣ ዓይንህን ጨፍነህ ንካ» ይሉኛል። ከሦስት ወር በኋላ መዳፌ ዓይኔ የማያየውን ማየት ጀመረ። ሥልጠና ማለት ይኼ ነው። አንድ ሰው ስህተትህን በራስህ እጅ አስነክቶህ፣ በማግስቱም እዚያው ቆሞ ሲጠብቅህ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሌላ ነው። የቀለም ሥራ ለስርቆት የሚመች ሙያ ነው። ሁለት እጅ ብሎ ተዋውሎ አንድ እጅ መቀባት ይቻላል። ቀለሙን በውሃ አቅጥኖ ከአምስት ጋሎን አንዱን መሸጥ ይቻላል። አሮጌው ሳይፋቅ ላዩን ማሳመር ይቻላል። ርክክብ ዕለት ሁሉም አንድ ዓይነት ያምራል፤ ከላይ አምሮ ውስጡን ለቄስ ነው። ባለቤቱ የሚያውቀው ክረምት አልፎ፣ ቀቢው ስልኩን ከቀየረ በኋላ ነው። ጋሼ ያቀጠኑት ቀለም ቆርቆሮው ላይ ከተጻፈው ልክ ሲያልፍ አላየሁም። አንድ ቀን «ማን ያይብናል?» ብላቸው «ክረምት ያያል» አሉኝ። ሙያ በልብ ነው የሚባለው እንዲህ ያለውን ይመስለኛል። ይህ ደግሞ በሃንድአውት የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ለመስረቅ የሚመች ቀን መጥቶ ሳይሰርቅ የቀረን ሰው አጠገብ ቆሞ በማየት የሚገኝ ነው።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው። የቀለም ሥራ ጥፋት የሚታየው ከወራት በኋላ ነው፤ የእኛ ሥልጠናና ምዘና ግን የሚያየው የዕለቱን ውበት ብቻ ነው። በመሆኑም አንድ ሠልጣኝ ቢያንስ በጋና ክረምት በሚፈራረቁበት አንድ ዓመት ውስጥ ከአንድ የበሰለ ባለሙያ ሥር በውል ሠርቶ፣ የቀባውን ግድግዳ ከክረምት በኋላ ተመልሶ ሳያይ ቀለም ቀቢ ሊባል አይገባም።

አንዳንዱ «ይኼ የአውሮፓ ወግ ነው» ሊለኝ ይችላል። ጀርመን አገር ቀለም ቀቢነት የሦስት ዓመት የሙያ ልምምድ ያለው፣ በሕግ የታወቀ ሙያ መሆኑ እውነት ነው። ሠልጣኙ ከአሠሪው ጋር ውል ይገባል፤ በየዓመቱ የሚያድግ ክፍያ ያገኛል፤ ጎን ለጎን የሙያ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ነገር ግን ከታላቅ ሥር ሆኖ መማር ለእኛም እንግዳ አይደለም። ሸማኔውም፣ አንጥረኛውም፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ሠዓሊውም በዚሁ መንገድ ነው ያለፉት። የጎደለን ወጉ ሳይሆን ለእጅ ሥራ የምንሰጠው ክብር ነው። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ ያወጡት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ያውም በሕንፃ ሥራ በሚያሠለጥን ክፍል ውስጥ «ቀለም ቀቢ» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ያስቃል።

ሕጉም ቢሆን አልጎደለም። የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና አዋጅ በ1996፣ ቀጥሎም በ2008 ዓ.ም. ወጥቷል። የትብብር ሥልጠናውም እኛ ተማሪዎች «ሰባ ሠላሳ» በምንለው መርህ ለተግባር ሰፊውን ድርሻ ይሰጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንኳ ስለ ሙያ ልምምድ ውል ደንግጓል፤ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። እስቲ ከመካከላችን ለትብብር ሥልጠና ሲወጣ ምን እንደሚማር፣ ማን እንደሚያስተምረው፣ ምን እንደሚከፈለው የተጻፈበት ውል ይዞ የወጣ እጁን ያውጣ። እኔ ይዤ የወጣሁት የትብብር ደብዳቤና ባዶ ቅጽ ነበር።

«ቀለም ቀቢ ማን ይፈልጋል?» ለሚል ደግሞ ከተማውን ዞሮ ማየት ይበቃዋል። በ1990ዎቹ መጨረሻ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲጀመር በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች በማጠናቀቂያ ሥራ ተሰማርተው ነበር። በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የኮሪደር ልማት ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በዋና ዋና መንገዶች ዳር ያሉ ሕንፃዎች ዳግም ሲቀቡ ሁላችንም አይተናል። ሥራው አለ፤ እጁም አለ። በመካከል የጠፋው የሚያስተምረው ነው።

ሐቁን ለመናገር ጋሼንም ቅዱስ ላደርጋቸው አልፈልግም። እርሳቸውም ያልተማሩት ነገር አለ። አሮጌ ኦይል ቀለም ሲፋቁ በደረቁ ነበር የሚፍቁት፤ አቧራው ክፍሉን ጭጋግ ያስመስለዋል። አፋቸው ላይ ጨርቅ እንኳ የለም። በአሮጌ ኦይል ቀለም ውስጥ እርሳስ የተባለው ብረት ሊኖር ይችላል። አቧራው በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በአገራችን በቀለም ውስጥ የሚኖረውን የእርሳስ መጠን ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ የሚገድብ ደንብ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ነገር ግን ደንቡ ከመውጣቱ በፊት የተቀባው ግድግዳ ዛሬም በየቤቱ አለ። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም እ.ኤ.አ. በ1989 የቀለም ቀቢነት ሥራን ካንሰር ከሚያስከትሉ የሥራ ዓይነቶች መድቦታል። የአቧራ ማስክ የአኳራጅን ትነት እንደማያስቆም፣ ለእሱ ራሱን የቻለ ማጣሪያ እንደሚያስፈልግ የተማርኩት ከጋሼ ሳይሆን ከክፍል ነው።

ይህንን ስነግራቸው ሳቁብኝ። «ሠላሳ ዓመት ቀባሁ፣ ይኸው አልሞትኩም!» ብለው ሳይጨርሱ ሳል አቋረጣቸው። ሁለታችንም ዝም አልን። በማግስቱ ግን ግድግዳውን በውሃ እያራሱ ሲፍቁ አገኘኋቸው። ስለ ሳሉ አንድም ቃል አልተነፈሱም። እኔም አላነሳሁባቸውም።

ስለዚህ ነገሩ ኮሌጅን አፍርሶ ወደ ጋሼ መመለስ አይደለም። ኮሌጁ የሚያውቀውን ጋሼ አያውቁትም፤ ጋሼ የሚያውቁትን ኮሌጁ አያውቀውም። በመካከል ያለው በር ግን ዝግ ነው። ጋሼ አንድ ጊዜ ለብቃት ምዘና ተመዝግበው ነበር። በተግባሩ ማንም አይደርስባቸውም። የጽሑፍ ፈተናው ላይ ግን ጥያቄዎቹን ፊደል በፊደል እየለቀሙ ሲያነቡ ሰዓቱ አለቀባቸው። ወረቀት ስለሌላቸው አሠልጣኝ ተብለው ሊመዘገቡ አይችሉም። በአንድ ሥራ ላይማ ወረቀት ያለኝ እኔ ስለሆንኩ ውሉን እኔ ፈርሜ እርሳቸው በእኔ ሥር «ረዳት» ተብለው ተጻፉ። ጋሼ ስቀው አለፉት። እኔ ግን ሊስትሮ ያስተማረኝን አባቴን ጫማዬን እንዲጠርግልኝ ያዘዝኩ ያህል ተሰማኝ።

የሚነሱ ተቃውሞዎችን አልዘነጋሁም። ዋነኛው የገንዘብ ነው። «የደሃ ልጅ ዓመት ሙሉ ሳይከፈለው እንዴት ይማራል?» ትክክል ነው፤ ሳይከፈለው መማር የለበትም። ከሦስት ወር በኋላ በትክክል የሚያሽና ጄሶ የሚገባ ልጅ ለአሠሪው ጥቅም እየሰጠ ነው፤ ስለዚህ ጥቂትም ብትሆን ድርሻው በውሉ ትጻፍ። ሁለተኛው የኮንትራክተሩ ነው። «እኔ አስተምሬው ነገ ተፎካካሪዬ ዘንድ ይሄዳል» ይላል። እውነት አለው። ነገር ግን ዛሬስ የተበላሸ ሥራ በራሱ ወጪ እየደገመ አይደል? ሌላው ደግሞ «ቴክኖሎጂ መጥቷል፣ በማሽን እየተረጨ ምን ዓመት ያስፈልጋል?» የሚል ነው። ማሽኑ ቀለሙን በፍጥነት ግድግዳው ላይ ያደርሰዋል፤ ልስኑ እርጥብ መሆኑን ግን አይነግረንም። እንዲያውም እርጥብ ግድግዳን በፍጥነት ማበላሸት ይቻልበታል።

እንግዲህ «ችግር ብቻ አወራህ» እንዳልባል ለትምህርት ክፍላችን ሦስት ነገር ላቅርብ።

አንደኛ፣ ከመማሪያ ክፍሎቻችን ጀርባ ያለውን ግድግዳ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ቀለሙ ከተላጠ ቆይቷል። ለእያንዳንዱ ቡድን አንዳንድ ክፍልፋይ ይሰጠን። በበጋው መርምረን፣ ፍቀን፣ ጠግነን እንቀባው። የቡድኑ ስም፣ የተጠቀመው ቀለምና ቀኑ በመዝገብ ይያዝ። ከውጤቱ ግማሹ ሰኔ ላይ፣ ግማሹ ደግሞ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ጥቅምት ላይ ይሰጥ። «ሬጅስትራር እንዴት ይቀበለዋል?» የሚል ካለ፣ ለጊዜው በውጤት ሳይሆን በዚሁ መጽሔት ላይ እናውጣው። ስሜ ከተላጠ ግድግዳ ጋር ታትሞ ማየት ለእኔ ከ«ኤፍ» የባሰ ነው።

ሁለተኛ፣ በከተማችን ያሉ ነባር ቀለም ቀቢዎች በተጋባዥ አሠልጣኝነት ይምጡ፤ አበልም ይሰጣቸው። እኛም በምላሹ ስለ እርሳስ አቧራ፣ ስለ አኳራጅ ትነት፣ ስለ መወጣጫ ደህንነት የምናውቀውን እናካፍላቸው። ለምዘና መቀመጥ የሚፈልጉትን ደግሞ እኛ ተማሪዎች በትርፍ ጊዜያችን የጽሑፉን ክፍል እናስጠናቸው። የቃል ፈተና የሚፈቀድበት መንገድ እንዲፈለግም ትምህርት ክፍሉ ሐሳብ ያቅርብልን።

ሦስተኛ፣ ማናችንም ለትብብር ሥልጠና ስንወጣ ያለ ውል አንውጣ። አንድ ገጽ ትበቃለች። ምን እንደምንማር፣ ከማን ሥር እንደምንሆን፣ ምን እንደሚከፈለን፣ ማስክና የደህንነት ቀበቶ ማን እንደሚያቀርብ ትናገር። ቅጹንም የሚሞላው ሥራችንን ያየ ሰው ይሁን እንጂ ብዕር የያዘ ሁሉ አይሁን።

ወደ እማማ ቤት ልመለስና ልጨርስ። የተበላሸውን ግድግዳ ከጋሼ ጋር ሆነን እስከ ልስኑ ድረስ ፋቅነው። ጨዉን በደረቅ ብሩሽ እያራገፍን እስከ ጥር ድረስ ሳንቀባ ተውነው። እማማ ያንን ሁሉ ጊዜ በተላጠ ግድግዳ መካከል ነበር እንጀራ የጋገሩት። የቀለሙን ዋጋ ከቀን ክፍያዬ ላይ አወጣሁ። ላስቲኩ ደርቆ ሲያድር ጥር ላይ በስሱ፣ ከላይ እስከ ታች በፕላስቲክ ቀለም ቀባነው፤ ኦይል የሚባል አላስገባንበትም። ጋሼ ግን ሥራውን ከማስረከባቸው በፊት እማማን ወደ ጓዳው ጥግ ወሰዷቸውና ከወለሉ በላይ ያለች አንዲት ቦታ በጣታቸው አሳዩአቸው። «እዚህ ጋ ከመሠረቱ ውሃ ይመጣል። ቀለም አያቆመውም። ክረምት ላይ ይቺ ቦታ ትመለሳለች፤ ሌላው ግን ደህና ነው» አሏቸው። የቀሩትን ብርም ለቀለም አታውጡት፣ ከውጭ በኩል የውሃ መሄጃ ቦይ አስቆፍሩበት ብለው መከሩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ክረምት አልፏል። ባለፈው ቡና ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ግድግዳው ቆሟል። ቦዩ ገና አልተቆፈረም፤ ያቺ ጥግ ላይ ያለች ቦታም መዳፍ በምታህል ስፋት ተልጣለች። እማማ እየሳቁ «ይኸውልህ፣ እንዳላችሁት መጣች» አሉኝ።

«ይኼ እንደሚሆን ታውቅ ነበር?» ላሉት ጥያቄ ጋሼ የመለሱት መልስ ይህ ነበር። ባለሙያ ማለት በእኔ እምነት ግድግዳው ፈጽሞ የማይላጥበት ሰው ሳይሆን፣ የትኛው ቦታ ለምን እንደሚላጥ ገንዘብ ከመቀበሉ በፊት የሚናገር ሰው ነው። ይህን ዕውቀት እኔ በሁለት ወር ባልዲ ማጠብ አላገኘሁትም፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣውም አያገኘውም።

ከኋላ ወንበር ያለው ወዳጃችን ይህንን ሲያነብ እንደማይቀየመኝ ተስፋ አደርጋለሁ። እንዲያውም የመጀመሪያው ቡድን ውስጥ ከእኔ ጋር እንዲሆን እጋብዘዋለሁ። ብርጭቆ ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ፤ ላስቲኩንና ስኮቹን እሱ ያምጣ። ሰኔ ሳይገባ እንጀምር።

ቸር ያቆየን!